ልጆች ሲጫወቱ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትግልን ሁሉ ጠብ ማድረግ። እዚህ ጎንደር ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ልጆች ግቢ ውስጥ ሲንከባለሉ ያየ ጎረቤት ሁሉ «ኧረ ተዉ፣ ልትጋደሉ ነው!» ብሎ ይገባል። ከመግባትዎ በፊት ፊታቸውን ይዩ። የሚጫወት ልጅ ይስቃል፤ አፉ ገርበብ፣ ፊቱ ፈታ ያለ ነው። ጉልበተኛው አውቆ ይወድቃል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ሲላቀቁም አብረው ይሮጣሉ። ጠብ ከሆነ ጥርስ ይነከሳል፣ ግንባር ይቋጠራል፤ ሲላቀቁ አንዱ ወዲያ ሌላው ወዲህ ነው።

ይህ ምልክት የሰው ብቻ አይደለም። ስሜን ተራሮች ላይ የጭላዳ ግልገሎች ሲታገሉ አፋቸውን ዘና አድርገው ይከፍታሉ። ቡችላም የፊት እግሩን ዘርግቶ፣ ቂጡን ወደ ላይ አንስቶ ነው ጓደኛውን ለጨዋታ የሚጠራው። አይጦች ደግሞ ሲጫወቱና ሲኮረኮሩ 50 ኪሎኸርዝ አካባቢ ድምፅ ያወጣሉ፤ የእኛ ጆሮ ከ20 በላይ አይሰማም። የአንጎላቸው የላይኛው ክፍል በሕፃንነታቸው የተወገደ አይጦች እንኳ ይጫወታሉ። የጨዋታ ፍላጎት ከአንጎል ሥር ድረስ የገባ ነው፤ ቅብጠት አይደለም።

ጨዋታን ለነገ ልምምድ ብቻ አድርጎ ማየት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ግሮስ በ1896 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነበር፦ ግልገል የሚጫወተው ለአዋቂነት ሊለማመድ ነው። ግን መጫወቻ ሳታገኝ ያደገች ድመትም አይጥ ማደን አላቃታትም። በአንጻሩ የጨዋታ ጓደኛ ሳያገኝ ያደገ አይጥ ከሌሎች ጋር መግባባት ይከብደዋል። ስለዚህ ጨዋታውን ሁሉ ወደ ፊደል ቆጠራና ሒሳብ አይለውጡባቸው።

ውድ መጫወቻ ካልገዛሁ ማለት። ቆርኪው ሰሃን፣ ጭቃው እንጀራ ከሆነ እቃቃው ሞልቷል።

የሁለት ዓመት ልጅን «ከእነሱ ጋር ተጫወት» ብሎ መጫን። በዚያ ዕድሜ ጎን ለጎን ተቀምጦ የየራስን መጫወት የተለመደ ነው። አብሮ መጫወቱ ቀስ እያለ ይመጣል።

በየጭቅጭቁ ዳኛ መሆን። ኩኩሉ ላይ «አጭበርብረሃል!» «አላጭበረበርኩም!» ሲባባሉ ይተዋቸው። ሕግ ማውጣትና መደራደር የሚማሩት እዚያው ነው፤ እኔ እንዲያውም ከጨዋታው ትልቁ ክፍል ይመስለኛል። ይግቡ የምለው አንዱ ከተጎዳ ወይም ሁልጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ፈላጊ እንዲሆን ከተገደደ ነው።