ማጠንከሪያው ጄሉን ሲያዳክመው፦ ችግርና መፍትሄ

ነገሩ ሴል ስለሚያድግበት ውሃ ያዘለ ጄል ነው፤ ከፖሊመር (ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች) ይሠራል፣ እንዲጠነክር ደግሞ የሸክላ ወይም የማዕድን ደቃቅ ቅንጣት ይጨመርበታል። ሚዛኑን፣ የፖሊመሩን መጠንና የማርጊያውን ጊዜ አይታችኋል ብዬ ልለፍ። እነሱ ልክ ሆነው ጄሉ ካስቸገረ ነው ይሄ የሚጠቅማችሁ።

ድብልቁ ነጭ ሆኖ ይጓጉላል፤ የረጋው ጄል ሲለጠጥ ብጥስ ይላል

ከሚመጡልኝ አሥር ጥያቄዎች ስምንቱ ይሄ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጥፋተኛው ጨው ነው።

ለማጠንከሪያ የምንጨምረው ላፖናይት የሚባለው ሸክላ ቅንጣቱ እንደ ስስ ሳህን ነው። ስፋቱ 25፣ ውፍረቱ 1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ገደማ። ፊቱ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው፣ ጠርዙ ደግሞ ደካማ አዎንታዊ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሳህኖቹ እየተገፋፉ ይበተናሉ። ጨው ሲገባ መገፋፋቱ ይደክማል፤ የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ፊት ይለጠፋል። ተመራማሪዎቹ ሃራጉቺና ታኬሂሳ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳዩት በሸክላ የተጠናከረ ጄል በጣም የሚለጠጠው፣ የተበተነው እያንዳንዱ ሳህን የፖሊመሩን ሰንሰለቶች ስለሚያያይዝ ነው። የተጓጎለ ሸክላ ግን አያያይዝም። ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል እንጂ።

አንድ ተማሪ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ጋር ታግሏል። ሌሊቱን ሙሉ አማሰለ፣ በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ ቅንጣት በሚበትን መሣሪያ) መታው፣ በመጨረሻ «ዱቄቱ የተበላሸ ነው» ብሎ አዲስ አስገዛ። ያው ሆነ። አጠገቡ ቆሜ ሳይ መጀመሪያ ያነሳው የፒቢኤስ (ለሴል የሚስማማ የጨው ውሃ) ጠርሙስ ነበር። «ለሴል ይመቻል ብዬ ነው» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ሸክላውን አሳምራ በንጹሕ ውሃ በተነች፤ ከዚያ በፒቢኤስ የሟሟ ጄላቲን ገለበጠችበት። ሦስተኛው ጨው አልነካም፤ ጄላቲኑ ግን ኤ ዓይነት ነበር። እሱ በገለልተኛ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) አካባቢ አዎንታዊ ቻርጅ ስለሚይዝ ሸክላው ላይ ወዲያው ይጣበቃል። ቢ ዓይነት ይሻላል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አዮን (የሟሟ ጨው) የወጣለት ውሃ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ካልሲየም አለበት! ውሃው በኃይል እየተሽከረከረ ዱቄቱን ቀስ አድርጋችሁ ነስንሱ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አማስሉ። ጥርት ካላለ ወደሚቀጥለው እንዳትሄዱ። ፖሊመሩ በዚያው ዓይነት ውሃ ሟሙቶ ይከተላል። ጨው የመጨረሻው ነው፤ ጄሉ ከረጋ በኋላ ፒቢኤስ ወይም የሴል ማሳደጊያ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። ሴሉ ከመርጋቱ በፊት መግባት ካለበትስ? በንጹሕ ውሃ ይፈነዳል። በጨው ፋንታ 5 በመቶ ግሉኮስ ተጠቀሙ፤ ስኳር ቻርጅ የለውም፣ ሸክላውን አይነካም።

የዱቄቱን ክዳን ከፍታችሁ አትተዉ፤ እርጥበት ስለሚስብ ሚዛኑ ይዋሻችኋል። ከ3 በመቶ በላይ በትናችሁ አታሳድሩ፤ ጠዋት ራሱ ጄል ሆኖ ይጠብቃችኋል። የቀጠነውንም ለሳምንታት አታስቀምጡ። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲስብ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ሸክላው ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ማግኒዚየም ይለቃል። ያም ዞሮ ዞሮ ጨው ነው።

ሃይድሮክሲአፓታይቱ ከታች ይዘቅጣል

ሃይድሮክሲአፓታይት ሌላው ማጠንከሪያ ነው፣ የአጥንት ዓይነት የካልሲየም ማዕድን። የሚዘቅጠው ደርቆ የመጣ ዱቄት ነው። ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል፤ ሶኒኬተር ሁሉንም አይለያቸውም። ብልቃጡ ላይ «ናኖ» ተብሎ ተጽፎ ማይክሮስኮፕ ስር ድንጋይ የሆነብኝ ጊዜ አለ፤ ለዚያ ገንዘብ መጠየቅ ድፍረት ነው። ሳይደርቅ በውሃ ውስጥ እንዳለ የሚመጣውን ግዙ፤ ካልተገኘ ትንሽ ሲትሬት (የሎሚ አሲድ ጨው) ይረዳል።

በብርሃን ሲረጋ ላዩ ይጠነክራል፣ ስሩ ፈሳሽ ይቀራል

ቅንጣቱ ብርሃኑን ይበትነዋል። በስስ በስሱ አፍሱና እያረጋችሁ ጨምሩ።

በመጀመሪያው ቀን ጠንካራ፣ በማግስቱ ለስላሳ

ውሃ ስቦ አብጧል። ጥንካሬውን እብጠቱ ካበቃ በኋላ ለኩ።

የሴል ምርመራው ግራ የሚያጋባ ቀለም ያሳያል

አሉታዊው የሸክላ ፊት እንደ ሜቲሊን ብሉ ያሉ አዎንታዊ ቀለሞችን ይውጣል። ሴል የሌለበት ጄል ከጎን አስቀምጡና አብራችሁ ቅቡት። እሱም ከቀለመ፣ ያያችሁት ሴሉን ሳይሆን ሸክላውን ነው።