እርሳሱን ከእጃቸው አትቀሙ

ሦስት ልጆቼን ቤት ነው ያስተማርኩት። ትልቋ ፊደል መቁጠር ከጀመረችበት ቀን እስከ ትንሹ የመጨረሻ ፈተና ድረስ 17 ዓመት ፈጀ። አሁን ሦስቱም ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። ባለፈው አንድ ላይ የተገናኙ ቀን፣ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "እስቲ ሳትፈሩ ንገሩኝ፣ ምኑ ላይ ነው ያበላሸሁት?" አልኳቸው። ሂሳብ ይላሉ ወይም ጓደኛ አሳጣሽን ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ትልቋ ትንሽ አሰብ አደረገችና "እማዬ፣ ተሳስቼ እስክጨርስ ጠብቀሽኝ አታውቂም" አለች። ወንድሞቿ በሳቅ ፈረሱ። ሁለቱም እርሳስ እንደሚቀማ ሰው እጃቸውን ወደሷ ዘረጉ። ለካ ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ቀልድ ነው፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ልጆቻቸውን ቤት ለማስተማር ላሰቡ ወይም ገና ለጀመሩ ወላጆች ነው። ሁሉንም በደንብ ስለሠራሁት አይደለም፤ የትኛው ስህተት ዋጋ እንደሚያስከፍልና የትኛው እንደማያስከፍል አሁን ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እዩ

ይሄ አሰልቺ ነው፣ ግን ከመጽሐፍ ግዢ በፊት ይቀድማል። አገር ከአገር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ጀርመን ውስጥ ልጅ በአካል ትምህርት ቤት መሄድ አለበት፤ ይሄን የተቃወሙ ወላጆች እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሰው እ.ኤ.አ. በ2006 አቤቱታቸው ተቀባይነት አላገኘም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የትምህርት ሕግ ልጅ በትምህርት ቤት "ወይም በሌላ መንገድ" ይማር ስለሚል ቤት ማስተማር ይቻላል። አሜሪካ በ50ውም ግዛት ይፈቀዳል፣ ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ሌላ ነው። ሲንጋፖር በቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ልጁም የአንደኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናውን ይወስዳል። የምትኖሩበትን ቦታ ደንብ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያዙ። "ጎረቤቴ እንደዚህ አድርጋ ነበር" ማስረጃ አይሆንም።

ቤቱን ትምህርት ቤት አታድርጉት

እኔ አደረግኩት። ሰሌዳ ሰቀልኩ፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አወጣሁ፣ ደወል ሁሉ ገዛሁ (ደወሏን የት እንዳደረሷት እስከዛሬ አልነገሩኝም)። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የተሠራው ስም ለመጥራት፣ ዝም ለማሰኘት፣ ደብተር ለማሳረምና አንዱ ሲገባው ሌላው እስኪገባው ለመጠበቅ ጭምር ነው። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው አንድ ልጅ ሲሆን ይሄ ሁሉ የለም። ለትንንሾች በቀን ሁለት ሰዓት የተመስጦ ሥራ ይበቃል። ከፍ ሲሉ ወደ ሦስት፣ ወደ አራት ሰዓት ይሄዳል፤ ያኔ ግን አብዛኛውን የሚሠሩት ብቻቸውን ነው።

ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት መምህርት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. ከ1842 እስከ 1923 የኖረች። ለትንንሽ ልጆች ትምህርቱ አጭር ይሁን፣ ከ20 ደቂቃ አይለፍ ትል ነበር። ከሷ የወሰድኩትና እስከ መጨረሻው ያልጣልኩት ነገር ግን መልሶ መንገር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ወይም ሁለት ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። መጽሐፉ ይዘጋል። "በል ንገረኝ" ትላላችሁ። ከዚያ ዝም።

አስቸጋሪዋ ዝምታዋ ናት። ልጁ ይጀምራል፣ ይዘላል፣ ንጉሡን ከወንድሙ ጋር ያምታታል፣ እናንተ አፋችሁ ጫፍ ላይ ይመጣል። ዋጡት። እኔ ከትልቋ ጋር "አይ፣ አይ፣ እሱ አይደለም እኮ" እያልኩ መሃል ላይ ስገባ ከአምስት ዓረፍተ ነገር በላይ ነግራኝ አታውቅም ነበር። ምን አስጨነቃት፣ ጨራሿ እኔ ነኛ። እርማት ካለ ነግሮ ሲጨርስ፣ ያውም "ወንድሙ የሄደው ወዴት ነበር? እስቲ ገልጠህ እየው" ብሎ ወደ መጽሐፉ መመለስ ነው።

ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ

የመሃለኛው ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ክፍልፋይ ጀመርን። 1/2 + 1/3 ብዬ ሰጠሁት። 2/5 ብሎ ጻፈ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ማለት ነው። ከእህቱ ጋር ይሄው ስህተት ሲመጣ እርሳሱን ተቀብዬ የጋራ ታህት አውጥቼ በሦስት ደቂቃ አሳይቻት ነበር። ሦስት ደቂቃ ትመስላለች። በዓመቱ ውስጥ ያቺኑ ሦስት ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደደገምኳት ግን ቤት ይቁጠረው።

ከሱ ጋር ግን እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። እኩል የተቆረጡ የወረቀት ቁራጮች ሰጠሁትና "ያገኘኸውን በወረቀት አሳየኝ" አልኩት። አንዱን ለሁለት አጠፈ። አንዱን ለሦስት። ሌላውን በስንት መከራ ለአምስት። ከዚያ 2/5ን ከግማሹ ጎን አስተኛው። ዝም አለ። አነሳው፣ መልሶ አስተኛው። "ቆይ" አለ። "ግማሽ ላይ ጨምሬ እንዴት ከግማሽ ያነሰ መጣ?" መልስ ሊሰጥ አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋሁት። ግማሹንና ሲሶውን አጠገብ ለአጠገብ ገጣጠመ፣ አንድ ሙሉ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፣ የቀረችው ክፍተት ምን ያህል እንደሆነች ለመለካት ሌላ ወረቀት አጥፎ አጥፎ ስድስት ቦታ ሲያደርገው ልክ አንዷ ገባች። "5/6 ነው!" ብሎ ጮኸ። 25 ደቂቃ ፈጀ። ይቺን ዳግመኛ አላስተማርኩትም።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፣ እንዳትታለሉ። አንዳንድ ቀን ልጁም እናንተም ደክሟችሁ አሳይቶ ማለፉ ይሻላል። ግን ከማሳየታችሁ በፊት በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። አስር ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ታያላችሁ።

መጠበቅና መተው ይለያያሉ

እዚህ ጋ በሌላ በኩል ወደቅኩ። ትንሹ ልጄ ላይ ስደርስ "ትዕግሥት ተምሬያለሁ" ባይ ሆኜ ነበር። ስምንት ዓመት ሞልቶት ማንበብ አልሆንልህ አለው። እኔ ደግሞ "ሁሉም በጊዜው ነው" እያልኩ ጠበቅኩ። መጽሐፍ ሲይዝ አንገቱን ያዘነብላል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ሁለት መስመር አንብቦ ውኃ ጠማኝ ይላል። ስንፍና መሰለኝ። በመጨረሻ አንድ ዘመድ "ዓይኑን አሳይተሽዋል?" ስትለኝ ደነገጥኩ። ሩቁን ያያል፣ ቅርቡ ግን ይደበዝዝበታል። መነጽር ባደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጁ መጽሐፍ የሚያስጥለው ጠፋ። ትምህርት ቤት ቢሆን መምህሩ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር ይሆናል። ቤት ውስጥ ሌላ ዓይን የለም፤ ይሄ የቤት ትምህርት እውነተኛ ጉድለት ነው፣ ተሟጋቾቹም ብዙ አያወሩትም።

እና ልጅ እየሞከረ ካልሆነለት መጀመሪያ ዓይንና ጆሮ ይታይ። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ድምፅን ከፊደል ማገናኘት አሁንም ከተቸገረ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ይሄ በመጠበቅ አያልፍም፣ ድጋፉ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ጠብቁ የምላችሁ ልጁ እያሰበ ሲሆን ነው። እየሰመጠ ሲሆን አይደለም።

ክለሳ

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው የፊደል ቅንጅቶችን ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለካና እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመው። ያገኘው ነገር፣ የሚረሳው ብዙው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ለእኛ ትርጉሙ ቅርብ ነው። ዛሬ የተማሩትን ነገ ጠይቁ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ፣ በወሩ። ካርድ ቆርጣችሁ በአምስት ክፍል ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ የመለሰው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፣ የሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሳያይ መልስ ይፈልግ። ደጋግሞ ማንበብ የገባን ያስመስላል እንጂ ሲጠየቁ ነው የሚታወቀው። ሲያስታውስ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ጣራ ያያል። ያኔ ነው እንግዲህ "በ... በ ነው የሚጀምረው" ብሎ መርዳት የሚያምራችሁ። ተዉት።

ስለ ጓደኛ ሁሉም ሰው ይጠይቃችኋል። መልሴ አጭር ነው፤ በሳምንት አንድ ቋሚ ነገር፣ ከነዚያው ልጆች ጋር፣ እናንተ አስተማሪ ያልሆናችሁበት ይኑር። እግር ኳስም ይሁን መዝሙር ለውጥ የለውም፤ ዋናው የልጆቹ አለመቀያየር ነው።

ስለ መጽሐፍ ደግሞ፣ መግዛት ማስተማር ይመስላል። አይደለም። የኔ መደርደሪያ ምስክር ነው።

መዝገቡን ከመጀመሪያው ቀን ያዙ

ከልቤ የምጸጸትበት ይሄ ነው። ትልቋ 16 ሲሞላት የአራት ዓመት ሥራ ከትዝታ ሳወጣ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። በሳምንት አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቀኑ፣ የተነበበው፣ የተሠራው፣ የጎበኙት ቦታ ካለ። በወር ከየትምህርቱ አንድ ናሙና ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ፤ የተበላሸውም ጭምር። የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ለእያንዳንዱ ትምህርት ስሙን፣ ዋና መጽሐፉን፣ የተሸፈነውን ርዕስ፣ በምን እንደተመዘነና ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፉ፤ ትራንስክሪፕት የሚወጣው ከዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተለምዶ አንድ ክሬዲት የሚባለው በዓመት 120 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሌላ ቦታ መለኪያው ሌላ ነው። ልጁ በግል ተፈታኝነት የሚቀመጥ ከሆነ የሚቀበል የፈተና ጣቢያ ከዓመት ተኩል በፊት ፈልጉ። በተለይ የቤተ ሙከራ ፈተና ያለበት ትምህርት ጣቢያ በቀላሉ አይገኝለትም።

ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ መዝገቡን ለነሱ አስረክቡ። የሳምንቱን ዕቅድ ልጁ ያውጣ፣ እናንተ አርብ አርብ ብቻ እዩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጉድ ነው የምታዩት፤ የመሃለኛው አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ሻርክ ብቻ አቅዶ ነበር። አርብ ዕለት ሂሳቡ ባዶ መሆኑን ራሱ አየና ቅዳሜን ሠራበት።

ትንሹ ለመጨረሻው ፈተና ሲመዘገብ ቅጹን በኢንተርኔት የሞላው ራሱ ነው። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። የልደት ቀኑ ላይ ቀኑንና ወሩን አቀያየረ። አየሁት። እጄ ተዘረጋ፣ መለስኩት። ማስተካከያ የሚቀበሉበት ቀን ገና ሦስት ሳምንት እንደቀረው አስቀድሜ አጣርቼ ነበር፣ ያለዚያማ በደመ ነፍስ እዘል ነበር። "ላክ" የሚለውን ተጫነ። በአራተኛው ቀን መረጃው አይገጥምም የሚል ኢሜይል መጣለት። የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፣ የማስተካከያ ቅጽ ላኩለት፣ ሞልቶ መለሰ፣ አለቀ። ማታ ላይ ነገረኝ።

"ያኔ አይቼው ነበር" አልኩት።

"የሆነ ነገር እንዳለማ ገብቶኛል" አለ። "ስትተነፍሺ ሰምቼሻለሁ።"