ባለ ዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተር ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአውቶማቲክ መኪና ራዲያተር ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። በአንደኛው ታንክ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀዘቀዘው ውሃ ወደ ሞተሩ በሚመለስበት በኩል፣ የካምቢዮ ዘይት የሚያልፍበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ተቀብሯል። ውሃውና ዘይቱን የሚለያቸው ስስ የብረት ግድግዳ ነው። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው የውሃውን ወገን ብቻ ነው፤ ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡትም ከዚህ ነው።

በሞዴሉ ስም ብቻ መግዛት

ያው ሞዴል፣ ያው ዓመተ ምርት ሆኖ የማኑዋሉ ራዲያተር የዘይት ማቀዝቀዣው ላይኖረው ይችላል። የቡሎን ቀዳዳው ይገጥማል፣ ማኒኮቶው ይገባል፣ የዘይት መስመሮቹ ግን ማረፊያ ያጣሉ። የአውቶማቲኩን ገዝቶ ማኑዋል መኪና ላይ መግጠም ችግር የለውም፤ ሁለቱን የዘይት አፎች መድፈን ነው። እዚያ ባዶ አፍ ላይ የሞተር ዘይት መቀጠል ግን ሌላ ነገር ነው። የሞተር ዘይት ሲቀዘቅዝ ወፍራም ነው፣ ግፊቱም ከካምቢዮ ማቀዝቀዣ መስመር በጣም ይበልጣል። ያ ትንሽ ማቀዝቀዣ ለዚህ አልተሠራም።

ያገለገለውን ሳይፈትኑ መግጠም

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ከውጪ ንጹሕ፣ አንድም ጠብታ የማያፈስ ያገለገለ ራዲያተር ገጠምኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ ሳወጣ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ወተት እንደነካው ሮዝ ሆኗል፣ ጫፉ ላይም አረፋ ተንጠልጥሏል። የውስጡ ግድግዳ ተሰንጥቆ ኖሯል።

ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው መኪናው ቆሞ ሳለ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ውሃው ይገባል፤ በመጠባበቂያ ጋኑ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት የዚህ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ዜሮ ይሆናል፤ የጋለው ራዲያተር ግን 1 ባር ገደማ ግፊት ይዞ ይቆያል። ያን ጊዜ ውሃውና ኩላንቱ ወደ ካምቢዮው ይገፋሉ። ውሃው በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ዲስኮች ሽፋን ያሳብጠዋል፣ በኩላንቱ ውስጥ ያለው ግላይኮል ደግሞ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ከዚያ በኋላ ዘይት መቀየር ብቻውን ብዙም አያድንም፤ የራዲያተሩ ዋጋ ከካምቢዮ ጥገናው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንዱን የዘይት አፍ ይድፈኑ፣ በሌላው ከ2 እስከ 3 ባር አየር ይስጡ፣ ታንኩን ውሃ ሞልተው ይመልከቱ። ከውስጥ አረፋ ከወጣ አይግዙት። የቀድሞ መኪናው ካምቢዮ ተቃጥሎ ከሆነማ አረፋ ባይወጣም ይተዉት፤ በውስጡ የተከማቸ የብረት ብናኝ በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

"ወፍራም ከሆነ ያቀዘቅዛል" ማለት

አስፋልት ላይ በፍጥነት ለሚሄድ መኪና ይህ ሊያስኬድ ይችላል። በድንጋያማ ዳገት በሰው እርምጃ ለሚሄድ ፎር ባይ ፎር ግን ነፋስ የለም፤ አየሩን የሚስበው ቬንቲላተሩ ነው። ራዲያተሩ ሲወፍር አየሩ ለማለፍ ይቸገራል፣ ከኋላ ያሉት ቱቦዎች የሚያገኙትም ከፊት የሞቀውን ነው። በቱቦዎቹ መካከል ያሉት ስስ ክንፎች በጣም ከተጠጋጉ ደግሞ ጭቃና የሣር ፍሬ ይሰነቀርባቸዋል። ከኋላ ባትሪ አብርተው ከፊት ሲያዩ ብርሃን የማያሳልፍ ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ አየርም አያሳልፍም። ቬንቲላተሩን የሚከበው የፕላስቲክ ከለላ ከአዲሱ ራዲያተር ጋር መግጠሙንም ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ። ያለ ከለላ ቬንቲላተሩ አየር የሚስበው ፊት ለፊቱ ካለው ክብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አብሮ የተሠራው ማቀዝቀዣ ብቻውን ይበቃል ብሎ ማመን

ውሃው 95 ዲግሪ ከሆነ፣ በዚያ ውሃ ውስጥ የሚያልፍ ዘይት ከ95 በታች ሊወርድ አይችልም። አሸዋ ላይ ወይም ጭነት እየጎተቱ ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሲንሸራተት የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በሙሉ ወደ ሞተሩ ውሃ ይጨመራል። ለከባድ ሥራ ተጨማሪ የውጪ ማቀዝቀዣ መቀጠል ጥሩ ነው፤ ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ አልፎ ከዚያ ወደ ውጪው ሄዶ ቢመለስ እመርጣለሁ። የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ጨርሶ መዝለልን ግን አልወደውም። በብርድ ጠዋት ዘይቱን ቶሎ የሚያሞቀው እሱ ነው፤ የግድ ከዘለሉት ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ መንገዱን የሚዘጋ ቴርሞስታት ያለው የውጪ ማቀዝቀዣ ይፈልጉ።

በብረቱ ዓይነት ላይ ብቻ መከራከር

መዳብና ነሐስ መንገድ ላይ ሊበየድ ይችላል፣ ግን ከባድ ነው። ሙሉ አሉሚኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ለመበየድ ግን ባለሙያና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ታንክ ያለው የሻሲ መጠማዘዝ ሲበዛበት በመጋጠሚያው ያፈሳል። እኔን ከጠየቁኝ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ራዲያተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎች ያሳስቡኛል፤ እነሱ ከደረቁ የትኛውም ዓይነት ራዲያተር ቢሆን ይሰነጠቃል።

የዘይት አፉን በአንድ ቁልፍ ማሰር

የመስመሩን ዳዶ ብቻ ይዘው ካጠበቁ ታንኩ ላይ ያለው አፍ አብሮ ይዞራል፤ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣም ይጠመዘዛል። በአንድ ቁልፍ አፉን ይዘው በሌላው ዳዶውን ያጥብቁ። የጥርሱ ዓይነት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን የሚለዩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በጣት በማዞር ነው። በጣት እምቢ ካለ ጥርሱ ሌላ ነው፤ ቁልፍ አያንሱ።

ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን አሙቀው የካምቢዮውን ዘይት መጠን እንደገና ይለኩ፤ ባዶው ማቀዝቀዣ የተወሰነ ዘይት ስለሚወስድ ይጎድላል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው የውሃውን ገጽ ይመልከቱ፤ ቀይ ቅባት ከታየበት መኪናውን ሳያስነሡ ራዲያተሩን ያውርዱት።