ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡ

መጀመሪያ ምርመራ። ድካም ተሰማኝ ብላችሁ አይረን (የብረት ማዕድን ክኒን) ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ የደም ማነስ ይኑርባችሁ አይኑርባችሁ ቀላል የደም ምርመራ ይነግራችኋል፣ አይረን ደግሞ ሲበዛ ይጎዳል። ታዞላችሁ ከሆነ ከቡና ጋር አትውሰዱት። ቡና አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ብርቱካን ግን ያግዘዋል።

ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ከዓመት ዓመት አጥብቃችሁ የምትጾሙ ስለ እሱ ሐኪም ጠይቁ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ካለ፣ «ቫይታሚን» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። እዚያ ሰፕልመንት (እንደ ቫይታሚን ያለ ተጨማሪ ምግብ) ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ «ዩኤስፒ ቬሪፋይድ» (USP Verified) የሚል ምልክት ያለበትን ይፈልግላችሁ፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ነገርና መጠኑ ከላይ ከተጻፈው ጋር እንደሚስማማ በገለልተኛ ድርጅት ተመርምሯል ማለት ነው። ይፈውሳል ማለት ግን አይደለም! ቫይታሚን ዲ ለአብዛኛው አዋቂ በቀን 600 አይዩ (ጠርሙሱ ላይ IU ተብሎ የሚጻፍ መለኪያ) ይበቃል፤ ሐኪም ካላዘዘ ከ4000 አትለፉ። የእያንዳንዱን ይዘት መጠን የማይናገር ጠርሙስ ከሆነ ተዉት፣ ዋጋው ቢረክስም።

ክኒን ግን እንቅስቃሴን አይተካም። «ኪሎ ልቀንስ» ከማለት «ከሥራ ስመለስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ልሂድ» በሉ። የሚለካ ነው፣ ዛሬውኑ ይጀመራል። የሚቀሰቅሳችሁ የእግር ጉዞ ጓደኛ ካገኛችሁ ደግሞ ስንፍና ሲመጣም መቅረት ይከብዳል። አንድ ቀን ከዘለላችሁ «ሰኞ እጀምራለሁ» አትበሉ፤ በማግሥቱ ቀጥሉ።