ኃይሉ የጨመረ የስፖርት መኪናን በኢ85 ነዳጅ እንዴት ማስኬድ ይቻላል

ኢ85 ስሙን ሲሰሙት 85 በመቶ ኤታኖል የተባለውን አልኮል የያዘ ነዳጅ ይመስላል፤ በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ግን እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው ከ51 እስከ 83 በመቶ ኤታኖል የሚይዝ ሲሆን ቀሪው ቤንዚን ነው። የቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) መኪና ባለቤቶች የሚፈልጉት በሁለት ጠባዮቹ ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ግፊትና ሙቀት ሲበዛበት ያለጊዜው የማይፈነዳ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሲተን ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ከቤንዚን እጅግ በተሻለ ማቀዝቀዙ ነው። ይሁን እንጂ ነዳጁ በራሱ ኃይል አይጨምርም፤ እንዲያውም በሊትር ሲለካ የሚሰጠው ጉልበት ከቤንዚን በሩብ ገደማ ያንሳል። የሚያደርገው ሞተሩ ማንኳኳት፣ ማለትም ነዳጁ ያለጊዜው መፈንዳት፣ የሚጀምርበትን ወሰን ማራቅ ነው፤ የቱርቦው ግፊትና የካንዴላው የእሳት ጊዜ ወደዚያ ወሰን እንዲጠጉ ካልተደረገ፣ ትርፉ ቶሎ ቶሎ ማደያ መመላለስ ብቻ ይሆናል። የስዊድኑ የመኪና አምራች ኮኒግሴግ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሲሲኤክስአር የተባለ መኪና በኢ85 1018 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ በቤንዚን የሚሄደው ሲሲኤክስ 806 ይሰጥ ነበር፤ ያን ልዩነት ያመጣው ሞተሩ ለነዳጁ ተብሎ መዘጋጀቱ ነው።

እዚህ በምሳሌነት የምንይዘው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 የተሸጠውን ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሱባሩ ኤስቲአይ ነው፤ በእጅ የሚገኝ፣ ዕቃው የማያስቸግር፣ ድክመቱም በደንብ የታወቀ መኪና ነው። በሚኒሶታ ለሚኖር አንባቢ ኢ85 የሚሸጥ ማደያ ማግኘት ከባድ አይደለም፤ በሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የነበረ ቢሆንም መጠኑ መጀመሪያ 5፣ ኋላም 10 በመቶ ብቻ ስለነበር፣ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሂሳቡን ይሥሩ። ኤታኖል ኦክስጅንን በውስጡ ስለያዘ፣ ለተመሳሳይ አየር የሚያስፈልገው የነዳጅ መጠን ይበዛል፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ኢ85 የሚፈልገው 9.8 ገደማ ነው። በተግባር ከ30 እስከ 40 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ በድምጽ መጠን መርጨት ያስፈልጋል ማለት ነው። የመኪናዎ ኢንጀክተሮች (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጩት) በቤንዚን ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ካላቸው ጊዜ 80 በመቶውን ክፍት ሆነው የሚሠሩ ከሆነ፣ ይህን በ1.35 ሲያባዙት 108 በመቶ ይመጣል፤ ከመቶ በላይ ክፍት መሆን ደግሞ አይቻልም። ኢንጀክተሩ ሲያልቅበት ሞተሩ ነዳጅ እያጠረው በአየር ብዛት ይነዳል፤ ፒስቶን የሚቀልጠውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ከ85 በመቶ በታች የሚሆንልዎትን ትልቅ ኢንጀክተር ይምረጡ፤ ለኤስቲአይ ብዙ ሰው የሚያስገባው በደቂቃ 1000 ሲሲ አካባቢ የሚረጨውን ነው።

ፓምፑም አብሮ ይቀየራል። ኤታኖልን እንደሚችል አምራቹ በግልጽ የጻፈለትን ይግዙ። በታንኩ ውስጥ ያለችውን አጭር ጎማ ግን ብዙዎች ይረሷታል፦ በነዳጅ ውስጥ ተነክሮ ለመኖር ያልተሠራ ተራ የነዳጅ ጎማ ከውጭም ከውስጥም እየተነከረ ያብጥና ይሰነጠቃል፤ ግፊቱ ወደ ታንኩ ተመልሶ ሲፈስ ፓምፑ ደካማ ይመስላል። ተነክሮ ለሚኖር ጎማ የተሰጠው ደረጃ 30አር10 ተብሎ በላዩ ላይ ይታተማል፤ አንድ ክንድ የማትሞላ ጎማ ብትሆንም ዋጋዋ ያስደነግጣል፤ ቢሆንም ይክፈሉ። ዚንክ፣ ነሐስና ያልተሸፈነ አልሙኒየም ያለባቸውን መገጣጠሚያዎች ያስወግዱ። ይህን ሥራ በተከፈተ ቦታ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅለው፣ የመስመሩን ግፊት አውጥተው፣ የእሳት ማጥፊያ በእጅዎ ሥር አድርገው ይሥሩ።

ቀጥሎ የኤታኖል መጠን የሚለካ ሴንሰር ወደ ሞተሩ በሚሄደው የነዳጅ መስመር ላይ ይገጠማል። የተለመደው ሴንሰር ንጹሕ ቤንዚን ሲያልፍበት 50 ኸርዝ፣ ንጹሕ ኤታኖል ሲያልፍበት 150 ኸርዝ ስለሚልክ ንባቡን መፈተሽ ቀላል ነው፤ 130 ካለ 80 በመቶ ነው። ያለ ሴንሰር አንድ ቋሚ ድብልቅ ይዞ መንዳት የሚቻል ቢሆንም፣ እኔ አልመክረውም። ባለፈው የብርድ ወራት ከአንድ ማደያ የቀዳሁትን ነዳጅ በመለኪያ ብርጭቆ ሞከርኩት፦ 50 ሚሊሊትር ውሃ፣ 50 ሚሊሊትር ነዳጅ፣ ክዳኑን ዘግቶ በደንብ መነቅነቅና ማስቀመጥ ነው። ኤታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ውሃው ይገባል፤ የሁለቱ መለያ መስመር 90 ላይ ቢያርፍ ከውሃው ጋር የወረደው 40 ሚሊሊትር ስለሆነ ነዳጁ 80 በመቶ ገደማ ኤታኖል አለው። የእኔ መስመር 80ን በጥቂቱ አልፎ ቆመ፤ 60 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። መኪናው ለ80 በመቶ ብቻ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ጋዙን ሙሉ የምረግጠው በተሳሳተ የእሳት ጊዜ ነበር።

ካንዴላውን በሙቀት ደረጃ አንድ እርከን ቀዝቃዛ በሆነ ይተኩ፤ ክፍተቱንም የቱርቦው ግፊት ብልጭታውን እንዳያጠፋው ወደ 0.7 ሚሊሜትር ያጥብቡ።

የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል ልምድ ላለው ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፤ የሚሆነውን ግን ማወቅ ይገባዎታል። መጀመሪያ የአዲሶቹ ኢንጀክተሮች መጠንና ለመከፈት የሚዘገዩበት ጊዜ ይገባል፤ ቱርቦው ግፊት ሳይፈጥር በዝግታ ሲነዳ ድብልቁ ትክክል ካልሆነ ወደ ፊት መሄድ አይገባም። ድብልቁ በላምዳ፣ ማለትም የአየሩ መጠን ለነዳጁ ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር በሚገኘው ቁጥር፣ ይነበብ፦ ላምዳ 1 ለቤንዚንም ለኤታኖልም ያው ትክክለኛ ድብልቅ ስለሆነ፣ በ14.7 ቁጥር ሲያስቡ የሚፈጠረውን ግራ መጋባት ያስቀራል። ከዚያ ዳይኖ በሚባለው የኃይል መለኪያ ማሽን ላይ ግፊቱና የእሳት ጊዜው ጥቂት በጥቂት ይጨመራሉ፤ በየደረጃውም ሞተሩ አንኳኩቶ እንደሆነ በኮምፒውተሩ መዝገብ ይታያል። በኢ85 የሚያታልለው፣ ማንኳኳቱ ሳይሰማ የሲሊንደር ግፊት ከልክ ሊያልፍ መቻሉ ነው። የእሳት ጊዜው ሲጨመር ጉልበቱ ካልጨመረ እዚያው ቆሞ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ የዚህ ሞተር ፒስቶኖች በቀለበቶቹ መካከል ባለው ጠርዝ የመሰበር ልማድ ስላላቸው፣ ነዳጁ ቻለ ማለት ብረቱ ቻለ ማለት አይደለም። በአሜሪካ የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚያበላሽ ማስተካከያ በመንገድ መኪና ላይ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑንም ለባለሙያው ከመክፈልዎ በፊት ያስቡበት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ለማይፈልግ መካከለኛ መንገድ አለ። በ60 ሊትር ውስጥ 20 ሊትር ኤታኖሉ 80 በመቶ የሆነ ኢ85 እና 40 ሊትር 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት የተለመደ ቤንዚን ቢቀላቀሉ 33 በመቶ ኤታኖል ይገኛል፤ የማንኳኳት ጥቅሙ ትልቁ ክፍል በዚህ መጠን ይገኛል፣ የነዳጅ ፍላጎቱ ግን ብዙ አይጨምርም። እንዲህም ሆኖ ለድብልቁ የተሠራ ማስተካከያ ያስፈልገዋል።

ኤታኖል አሮጌ ዝቃጭ ስለሚያስለቅቅ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ታንኮች ካለቁ በኋላ ፊልትሮውን ይቀይሩ። በብርድ ማለዳ ሞተሩ ለመነሳት ቢያስቸግር አይደንግጡ፤ ኤታኖል በብርድ በቀላሉ አይተንም፤ ያልተነነውም ወደ ዘይቱ ስለሚወርድ ዘይቱን ከቀድሞው ቀድመው ይለውጡ፤ መኪናው አጫጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ይልቁንም። መኪናውን ለወራት የሚያቆሙት ከሆነ ኤታኖል እርጥበት ስለሚስብ ኢ85ን አስቀድመው ነድተው ይጨርሱት፤ በቤንዚን ሞልተውም ሴንሰሩ ዝቅተኛ ቁጥር እስኪያሳይ ድረስ ጥቂት ኪሎሜትር ከነዱ በኋላ ጋራዥ ያስገቡት።