በምስል የታገዘ ባዮፕሲ፦ ከቀጠሮው እስከ ውጤቱ ምን ታደርጋላችሁ?

ሐኪም «ናሙና እንውሰድ» ሲል ብዙ ሰው ጆሮው ላይ የሚደርሰው «ካንሰር ነው» የሚል ነው። አይደለም። ናሙና የሚወሰደው ነገሩ ገና ስላልታወቀ ነው። አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን እብጠቱ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚያክል ያሳያል፤ ካንሰር ይሁን ቲቢ ወይም ጉዳት የሌለው እጢ ግን ብዙ ጊዜ መለየት አይችልም። ያንን የሚለየው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው፤ ባዮፕሲ የሚባለውም ይህን ናሙና መውሰድ ነው። ራዲዮሎጂስቱ (የምስል ምርመራ ሐኪሙ) የመርፌውን ጫፍ በምስል እየተከታተለ ስለሚያስገባ፣ ጥልቅ ቦታ ላይ ላለ እብጠት እንኳ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም።

መጀመሪያ በምን ዓይነት መርፌ እንደሚወሰድ ጠይቁ። ኤፍኤንኤ የሚባለው በቀጭን መርፌ ሴሎችን ብቻ ይስባል፤ ለእንቅርትና ለንፍፊት በብዛት የሚታዘዘው እሱ ነው። ኮር ባዮፕሲ ግን ወፈር ባለ መርፌ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ክር የመሰለ ቁራጭ ያወጣል። ለጡትና ለጉበት ይሄኛው ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሴሎቹ እንዴት እንደተደረደሩም ያሳያል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ መርፌውም ሲገባ በቀጥታ ይታያል። አየር ግን ያግደዋል፤ ስለዚህ ሳንባ ውስጥ ላለ ነገር ሲቲ ይመጣል።

ከሁሉም በላይ የሚወስነው ግን ቀጣዩ ነው፦ መድኃኒቶቻችሁን በሙሉ ተናገሩ። ደም የሚያቀጥኑት ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬልና አስፒሪን፣ ከሰው ሰምታችሁ የምትወስዱት ባህላዊ መድኃኒትም ካለ አትደብቁ። ደም ማቅጠኛ የደም መፍሰስን ያባብሳል። ግን በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቆሙት፣ አደራ! ልቡ ላይ ስቴንት (የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ዝም ብሎ ቢያቆም ደሙ ረግቶ ከባዮፕሲው የባሰ አደጋ ሊያመጣበት ይችላል። መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀጠል ሐኪሙ ይንገራችሁ። አለርጂ ካለ፣ እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ እሱንም አስቀድማችሁ አሳውቁ። የደም መርጋት ምርመራና የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ክፍሎች) ቆጠራ ሊታዘዝላችሁ ይችላል። ጾማችሁ መምጣት እንዳለባችሁም ጠይቁ፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚሰጣችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ቤት የሚያደርሳችሁ ሰው ይኑር።

በዕለቱ ቆዳው ይጸዳል፣ ከዚያ ማደንዘዣ ይወጋል። እሱ ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የሚሰማው ግፊት ነው። ኮር መርፌ ናሙናውን ሲቆርጥ «ቀጭ» የሚል ኃይለኛ ድምፅ አለው፤ ሰው የሚደነግጠው ከሕመሙ ይልቅ በሱ ነው፣ ስለዚህ አስቀድመው እንዲያሰሙዋችሁ ጠይቁ። ጉበትና ሳንባ ከትንፋሽ ጋር ስለሚንቀሳቀሱ «ትንፋሽ ያዝ» ስትባሉ በየጊዜው እኩል መጠን ለመሳብ ሞክሩ። ከአንድ ቦታ ብዙ ጊዜ መውሰዳቸው የተለመደ ነው፣ አያስፈራችሁ። ሕመሙ ከበረታ ዝም አትበሉ፤ ማደንዘዣ ሊጨመር ይችላል።

ሲያልቅ ቦታው ተጭኖ ይያዛል፣ ለጥቂት ሰዓታትም ልትቆዩ ትችላላችሁ። ከሳንባ ከተወሰደ አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ሊገባ ስለሚችል የደረት ራጅ ይነሳል። ቤት ከገባችሁ በኋላ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋችሁ፣ ሆዳችሁን እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከያዛችሁ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ደሙ አልቆም ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። ትንሽ መበለዝና ማመም ግን ይጠበቃል።

«መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ስንቱን ሰው ከምርመራ እንዳስቀረ ማሰብ ያሳዝናል። መርፌው ባለፈበት መንገድ ሴል የቀረበት አጋጣሚ አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ሐኪሞችም መንገዱን ሲመርጡ ይህን ያስባሉ። በሽታው ካለ የሚጎዳው ምርመራውን ማዘግየት ነው።

ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ ሴሎቹን ለመለየት ተጨማሪ ማቅለሚያ ካስፈለገ ደግሞ ይረዝማል። መዘግየቱ ብቻውን የመጥፎ ዜና ምልክት አይደለም። «ናሙናው በቂ አይደለም» ከተባለ መደገም አለበት፤ «ነጻ ናችሁ» ማለት እንዳይመስላችሁ። «ካንሰር አልተገኘም» ቢባልም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ውጤት በምስሉ ላይ ከታየው ጋር ይስማማል? ምስሉ አጠራጣሪ ሆኖ ናሙናው ንጹሕ ከሆነ መርፌው ዋናውን ቦታ ስቶት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ናሙና ወይም የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል። ቲቢ ከተጠረጠረ ደግሞ ለካልቸር (ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ለማየት) የሚሆነው ናሙና ፎርማሊን በሚባለው ናሙና ማቆያ ኬሚካል ውስጥ መግባት የለበትም፣ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ይህ ግን ከመወጋታችሁ በፊት የሚነሳ ጥያቄ ነው።

የፓቶሎጂ ሪፖርቱን (የናሙናውን የጽሑፍ ውጤት) ኮፒ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ናሙናው በሰም ብሎክ ተደርጎ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ሌላ ሐኪም ማማከር ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ እንደገና መወጋት ሳያስፈልግ ያው ብሎክ ሊታይ ይችላል።