ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለአገር ችግር ስናውል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከጣና ዳር

ሰኔ ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዝናብና የመመረቂያ ጽሑፍ። እኔ በገምጋሚነት ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚቀርበው ሥራ ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኗል፤ የሰብል በሽታ መለያ፣ የእምቦጭ መከታተያ፣ የወባ መተንበያ፣ አማርኛ የሚሰማ ስልክ። የራሳችን ችግሮች ስለሆኑ ርእሶቹ ደስ ይላሉ። የሚያሳዝነው ስህተቱም ከዓመት ዓመት ያው መሆኑ ነው። ሒሳቡን ልጆቹ ከእኔ ይበልጡኛል፤ እዚህ የምጽፈው ሒሳቡ ከመጀመሩ በፊት ስለሚበላሸው ነው።

ሰው ባነሣው ፎቶ የራስን ማሳ ማከም

ተማሪው የሰብል በሽታ የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ ፎቶዎች የሚማር ፕሮግራም፣ መሥራት ይፈልጋል። ፕላንትቪሌጅ የሚባለውን የፎቶ ስብስብ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ 54,306 የቅጠል ፎቶ፣ 14 ዓይነት ሰብል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት በዚህ ስብስብ የሠለጠነ ሞዴል 99.35 በመቶ ትክክል መልሷል። ተማሪው ንባቡን እዚህ ላይ ያቆማል። አጥኚዎቹ ግን ቀጥለው ያንኑ ሞዴል በሌላ ሁኔታ በተነሡ ፎቶዎች ፈትነውት ነበር፤ ወደ 31 በመቶ ገደማ ወረደ። የስብስቡ ቅጠሎች ተቀጥፈው፣ አንድ አንድ ሆነው፣ ወጥ መደብ ላይ ተዘርግተው የተነሡ ናቸው። ማሳ ውስጥ ቅጠል ብቻውን አይቆምም፤ ጭቃው፣ ጥላው፣ አረሙ፣ ፎቶ አንሺው ራሱ የደቀነው ጣቱ ሁሉ አብሮ ይገባል።

ደግሞም ከ14ቱ ሰብሎች ውስጥ ፖምና ወይን አሉ፤ ጤፍ የለም፣ ሩዝም የለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬዱ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ዙሪያው የፎገራ ሜዳ ነው። አንድ ጊዜ ከተማሪ ጋር ወደዚያው ወርደን፣ ልጁ የቀጠፈውን ቅጠል ለአንድ አዛውንት ገበሬ ዘርግቶ «አባቴ፣ ይኼ በሽታው ምንድን ነው?» አላቸው። «ልጄ፣ ከነሥሩ ሳላየው ምን ልበልህ? ውኃ ተኝቶበትም ይሆናል፣ ማዳበሪያ አንሶትም ይሆናል» አሉት። ልጁ በስድስት ወር ያላነበበውን በአንድ አረፍተ ነገር ሰጡት። «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባል የለ? ማሳ ያልወረደ በ99 በመቶ ይደሰታል።

የወረደውን ስብስብ ለማሠልጠኛ ተጠቀሙበት፤ ክልክል አይደለም። መፈተኛው ግን ከማሳ ይምጣ፤ ገበሬው በሚይዘው ስልክ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ሞዴሉ አይቶት በማያውቅ ማሳ ላይ የተነሣ ይሁን። ቁጥሩ ይወርዳል። ይውረድ፤ የወረደው ነው እውነተኛው።

አረንጓዴውን ሁሉ እምቦጭ ማለት

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ በሳተላይት ለመከታተል ያልሞከረ የትምህርት ክፍል የለም ማለት ይቻላል፤ ሴንቲኔል 2 የሚባሉት ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ እያለፉ 10 ሜትር ድረስ የሚለይ ምስል በነጻ ይሰጣሉና። ችግሩ የሐይቁ ዳርቻ ላይ አረንጓዴ የሚሆነው ብዙ መሆኑ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አለ። የፎገራ ሩዝ አለ። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የአገሩ ሰው በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ያም ከሰማይ ሲታይ ዳር ላይ የተኛ አረንጓዴ ነው። ሞዴሉ የድሀ ገበሬን ጓያ አረም ብሎ ሲቆጥር አይቻለሁ፤ ካርታው ሲያምር ደግሞ ለጉድ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመጣው ስህተት ረቂቅ ስለሆነ ቆም ልበልበት። ተማሪው ምስሉን ወደ ነጥቦች ይበትንና 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶውን ለመፈተኛ በዕጣ ይከፍላል። እምቦጭ ግን እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ነው የሚተኛ፤ ከአንዱ ምንጣፍ አንዱ ነጥብ ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ጎረቤቱ መፈተኛ ውስጥ ይገባል። ይህ ፈተናውን ከነመልሱ አይቶ እንደ መግባት ነው። ዕጣውን ትታችሁ በቦታና በጊዜ ክፈሉ፤ በደንቢያ በኩል አሠልጥናችሁ በፎገራ በኩል ፈትኑ፣ ባለፈው ዓመት አሠልጥናችሁ በዘንድሮው ፈትኑ።

ነፋሱንም አትርሱ። ምንጣፉ ስለሚንሳፈፍ ሰኞ ምስል ላይ ያለው ሐሙስ በጀልባ ስትሄዱ ላይኖር ይችላል፤ የመስክ ምልክታችሁና የሳተላይቱ ቀን ከተራራቁ ለሞዴሉ የምታስተምሩት ውሸት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ሁሉን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ የሚሻለው በደመና ውስጥ የሚያየው የሴንቲኔል 1 ራዳር ነው፤ ውኃው በነፋስ ሲናወጥ እሱም ይሳሳታል።

የ2010ን ወባ ከ2010 ዝናብ ጋር ማጋባት

ይህን ስህተት የውጭ አገር መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ የእኛ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ጤና ጣቢያ የሚመዘግበው በእኛ አቆጣጠር ነው። የሳተላይት ዝናብ የሚመጣው በፈረንጆቹ ነው። አንድ ተማሪ የአምስት ዓመት የወባ መዝገብ ይዞ፣ መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ፣ ዓመቱን ግን ሳይነካ ከዝናቡ ጋር አጋጠመው። የመስከረም 2010 ሕሙማን በሴፕቴምበር 2017 የታመሙ ናቸው፤ እሱ ግን ከሴፕቴምበር 2010 ዝናብ ጋር አጣመራቸው።

የሚገርመው ሞዴሉ ሠራ! በእኛ አካባቢ ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለሆነ፣ የየትኛውም ዓመት ዝናብ ከየትኛውም ዓመት ወባ ጋር ወር ለወር ሲታይ ይመሳሰላል። ወቅቱ ስህተቱን ሸፈነለት። ክረምቱ እንደወትሮው ባልሆነበት ዓመት፣ ማለትም ትንበያ በሚያስፈልግበት ዓመት፣ እንዲህ ያለው ሞዴል ዝም ይላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ዝናቡን ሆን ብላችሁ በሌላ ዓመት ተኩት። ውጤቱ ካልተለወጠ ሞዴላችሁ የተማረው ወቅቱን እንጂ ዝናቡን አይደለም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ዓሣ አስጋሪ «1 ሰዓት ላይ መረብ አነሣሁ» ሲላችሁ ኮምፒውተሩ እኩለ ሌሊት ካለፈ አንድ ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። 13ኛ ወር የማይቀበል ቅጽ ያዘጋጀ ሰው ደግሞ ጳጉሜን የታመመውን ሁሉ ይጥላል። ስፋትም አለ፤ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ ከአፈር አፈር ይለያያል። «አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት የዚያን ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ጠይቁ።

ሆሄ መጨፍለቅ

ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ወደ አንድ ማምጣት የተለመደ ነው። ለፍለጋ ሞተር እኔም አደርገዋለሁ፤ ሰው ፀሐይን በስንት ዓይነት እንደሚጽፈው ታውቃላችሁ። ስህተቱ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አብሮ መጣል ነው። ድኅነትና ድህነት በዚህ ጭፍለቃ አንድ ይሆናሉ። ስለ መዳን የተሰበከ ስብከት ስለ ችግረኝነት የተጻፈ ሪፖርት ሆኖ ሲመደብ ማየት መጀመሪያ ያስቃል፣ ኋላ ያሳፍራል፤ ብዙ ደሴቶቹ ገዳም ባሉባቸው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ደግሞ ይብሳል። በድምፅ ለሚያነብ ሞዴል ችግሩ ሌላ ነው፤ ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰው፣ ከዐረፍተ ነገሩ ካልሆነ አይታወቅም።

በኮምፒውተር የተፈበረከ ዳታን በተመለከተ፣ ቅርብ ያለ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጀርመኑ ካይዘርስላውተርንና የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሰዎች ኮምፒውተር ጽሑፍ ከምስል ማንበብ እንዲማር ያወጡት የአማርኛ ጽሑፍ ምስል ስብስብ 337,337 መስመር አለው። ከዚህ ውስጥ ከታተመ ወረቀት የመጣው 40,929 ነው፤ የቀረው በኮምፒውተር የተሠራ። አጥኚዎቹ ይህን ለይተው ጽፈዋል፤ መንገዱም ይኼው ነው። አለመለየት ነው ጥፋቱ። በጠራ ፊደል የሠለጠነውን ሞዴል በፎቶኮፒ ፎቶኮፒ የደበዘዘ የቀበሌ ደብዳቤ ላይ ሞክሩትና ንገሩኝ።

ድምፅም ላይ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የታወቀ የአማርኛ ድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ያህል ነው፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን ሰዎች የተጻፈ ሲያነቡ የተቀዳ ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ማንም እያነበበ አይገዛም።

ብቻን መድከም

ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የምርምር ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 ቋንቋዎች የስም መለያ ዳታ (በጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም መለየት የሚያስተምር) አውጥቷል፤ አማርኛ አንዱ ነው። ከ10ሩ በላቲን ፊደል የማይጻፈው እሱ ብቻ ነው፤ ስም በትልቅ ፊደል ስለማይጀምርም «ፀሐይ» ሰው ትሁን ሰማይ ላይ ያለችው ሞዴሉ ከአገባቡ መለየት አለበት። ይህ ሁሉ ተሠርቶ በነጻ ተቀምጦ ሳለ ከዜሮ የሚጀምር ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይኼን።

ፈቃድና ክፍያ

አጭር ነው። የሕሙማን መዝገብ በፍላሽ ተቀብሎ መውጣት ቀረ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ከመዝገቡ ስም መሰረዝም ብቻውን አይበቃም፤ በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታና በሽታ ከተጻፈ ሰውየው ማን እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል። ፎቶው የምን እንደሆነ ምልክት ለሚሰጡላችሁ ባለሙያዎችና ገበሬዎች የዋሉበትን ክፈሉ። ሁለት ሰው አንዱን ፎቶ ለየብቻ ይይ፤ የማይስማሙበትን ፎቶ አትጣሉት፣ ሦስተኛ ሰው ጥሩ።

መብራት ያለ ይመስል መሥራት

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ለእኛ ምርምር የተነገረ ይመስለኛል። ሞዴሉ ግዙፍ ነው፣ የሚሠራው በኢንተርኔት በሚገኝ ሩቅ ሰርቨር ላይ ነው፤ ተጠቃሚው ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት የሐይቅ ዳር ቀበሌ ነው፣ ስልኩ የቆየ ነው፣ መብራት ሄዷል። ለማን እንደሚሠራ ሳይጠየቅ ስለተሠራ ሞዴሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። ተጠቃሚውን መጀመሪያ ወር ላይ አግኙት፤ ምን ስልክ እንደያዘ እዩ፣ ሞዴሉን በዚያው ልክ አሳንሱት፣ ከዚያ ትክክለኛነቱን እንደገና ለኩ፤ ሲያንስ ይለወጣልና።

በማቅረቢያ ቀን እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጎ ማሳየት። ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ባለፈው ሰኔ አንዷ ተማሪ ሳልጠይቃት አሮጌ ስልኳን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና የሩዝ ማሳ ፎቶ ከፈተችበት። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ዞረች፣ ዞረች፤ መልሱ እስኪመጣ አዳራሹ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ።